የሥራ ደኅንነት ማኅበራትን እንዴት ማዋሃድ ይቻላል? በኦንታሪዮ ተሞክሮ ላይ የተመሠረተ መመሪያ

በቶሮንቶ ዳርቻ እንጀራ እየጋገረ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል አንድ ባለ ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ከኋላ መጋገሪያው አለ፤ ከፊት ለፊት አሥር ወንበር ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አለች፤ ከደጅ ደግሞ ማለዳ እንጀራ ጭኖ የሚወጣ መኪና ይቆማል። ይህ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 በፊት ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነት ምክር ወይም ሥልጠና ቢፈልግ፣ የመጋገሪያው ጉዳይ የኢንዱስትሪዎችን የአደጋ መከላከያ ማኅበር፣ የምግብ ቤቱ ጉዳይ የአገልግሎት ዘርፉን ማኅበር፣ የመኪናው ጉዳይ ደግሞ የትራንስፖርቱን ማኅበር ይመለከት ነበር። ሦስት ስልክ፣ ሦስት የሥልጠና መርሐ ግብር፣ ሦስት ዓይነት አሠራር ማለት ነው። በዚያ ዓመት የኦንታሪዮ የደኅንነት ማኅበራት ተዋህደው ቁጥራቸው ከቀነሰ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ ትራንስፖርቱ ወደ ሌላ ማኅበር ሄደ። ውህደቱ ለዚህ ሰው ሦስቱን በር ሁለት አደረገለት እንጂ አንድ አላደረገለትም።

በዚህ ምሳሌ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራትን የማዋሃድ ሥራ ሲነሣ ውይይቱ ወዲያውኑ ወደ ቦርድ ወንበር፣ ወደ ሥራ አስኪያጅ ሹመትና ወደ ቢሮ ኪራይ ይሄዳል፤ አገልግሎቱን የሚፈልገው አሠሪ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስንት በር ማንኳኳት አለብኝ? በሩን የሚከፍትልኝስ ሰው የእኔን ሥራ ያውቀዋል? የበሮቹ ቁጥር በቀነሰ መጠን ከፋቹ ስለ እያንዳንዱ ሥራ ያለው ዕውቀት የመሳሳት አደጋ አለው፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ። ከዚህ በታች የሚቀርበው የአሠራር ቅደም ተከተል ሁለቱንም አንድ ላይ ለመያዝ የሚረዳ ነው፤ በዋናነት የሚነሣው በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከተደረገው ውህደት ሲሆን የሌላው የካናዳ ክፍለ ሀገር የአልበርታና የጀርመን ምሳሌዎችም ይታከሉበታል። በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኦንታሪዮ ማኅበራት አነሣሥና ውህደቱ

ማኅበራቱ የተወለዱት ከጉዳት ካሳ ሕግ ጋር ነው። በ1914 የወጣው የሠራተኞች ካሳ ሕግ፣ የተጎዳ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሳይመላለስ አሠሪዎች በጋራ ከሚያዋጡት ዐረቦን የሚካስበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ በአንድ ዘርፍ ያሉ አሠሪዎችም አደጋ የሚከላከል ማኅበር እንዲያቋቁሙና ወጪውም ከዚሁ መዋጮ እንዲሸፈን መንገድ ከፈተ። የአንዱ ግዴለሽነት የሁሉንም ዐረቦን ስለሚያስወድድ፣ ጎረቤትን ማስተማር ለራስ ኪስም ይጠቅም ነበር። የኢንዱስትሪ አደጋ መከላከያ ማኅበር በ1917፣ የኦንታሪዮ ኮንስትራክሽን ደኅንነት ማኅበር ደግሞ በ1929 ተቋቋሙ። ሌሎቹም በየጊዜው ተጨምረው፣ ውህደቱ በደረሰበት ጊዜ በዘርፍ የተደራጁት ማኅበራት አሥራ ሁለት ነበሩ።

በ2010 መጀመሪያ ላይ አሥራ ሁለቱ በሦስት በሦስት ተሰብስበው አራት ሆኑ። ኮንስትራክሽን፣ ኤሌክትሪክና መሰል አገልግሎቶች፣ ትራንስፖርት አንድ ላይ ሆነው የመሠረተ ልማት ጤናና ደኅንነት ማኅበር ተባሉ። ኢንዱስትሪ፣ የአገልግሎት ዘርፍና እርሻ የሥራ ቦታ ደኅንነትና መከላከል አገልግሎት የሚል ስም ያዙ። የማዕድን፣ የደንና የወረቀት ፋብሪካ ማኅበራት በሰሜኑ የክፍለ ሀገሩ አካባቢ ስም የሚጠራ አንድ ድርጅት መሠረቱ። የትምህርት፣ የማዘጋጃ ቤቶችና የጤና ተቋማት ማኅበራት ደግሞ የሕዝብ አገልግሎቶች ጤናና ደኅንነት ማኅበር ሆኑ። የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ማዕከልና የኦንታሪዮ ሠራተኞች የሥራ ጤና ክሊኒኮች ግን ከውህደቱ ውጭ ቀሩ፤ ሁለቱ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። መቅረታቸው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ፤ ሠራተኛው የእኔ ነው ብሎ የሚያምነውን ተቋም በአሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ማሟሟት፣ የሚገኘው የቢሮ ቁጠባ የቱንም ያህል ቢሆን አያዋጣም።

የአገልግሎት መዝገቡን መገልበጥ

ሥራው የሚጀመረው ከስብሰባ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የስልክ ጥሪ፣ የጉብኝትና የሥልጠና መዝገቦቹን ያውጣ፤ ማን ጠየቀ፣ ስንት ሠራተኛ አለው፣ ምን ጠየቀ፣ ምላሽ ለማግኘት ስንት ቀን ጠበቀ፣ «ይህ እኛን አይመለከትም» ተብሎ የተመለሰውስ ወዴት ተላከ የሚሉት በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይሞሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ አይገኝለትም፤ የተመለሰ ሰው አይመዘገብምና። ለዚህ ሲባል ውህደቱ ከመታሰቡ ቀደም ብሎ ቢያንስ ለሦስት ወር ስልክ የሚያነሡ ሠራተኞች የመለሱትን ሰው ሁሉ እንዲጽፉ ማድረግ ያስፈልጋል። በግል አስተያየቴ፣ ከመላው የዝግጅት ሥራ ውስጥ ርካሹም ጠቃሚውም ይህ ነው።

ሠንጠረዦቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ክምር ይወጣል። አንደኛው ሁሉም ማኅበራት የሚደጋግሙት አገልግሎት ነው። በኦንታሪዮ ሕግ በመደበኛነት ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የሥራ ቦታ የአሠሪና የሠራተኛ የጋራ የጤናና ደኅንነት ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል፤ በጥቅሉም ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ አንድ የሠራተኛ፣ አንድ የአሠሪ ተወካይ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። አገር ቤት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አሠሪው እንዲያቋቁመው ከሚጠበቅበት የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ጋር የሚመሳሰል አካል ነው። የአደገኛ ኬሚካሎች መለያና አያያዝ፣ ከባድ ዕቃ አነሣሥ፣ የአዲስ ሠራተኛ መግቢያ ትምህርት፣ በሥራ ቦታ የሚደርስ ጥቃትን መከላከል እነዚህም በየማኅበሩ እየተደገሙ የሚዘጋጁ ናቸው። አንድ ጊዜ በደንብ ተዘጋጅተው ለሁሉም ቢሰጡ የሚጎዳ የለም፤ በዚህ ክምር ውስጥ ያለው ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ይዋሃድ።

ሁለተኛው ክምር ግን እንዳይነካ ምልክት ይደረግበት። ከመሬት በታች እሳት በተነሣበት ማዕድን ውስጥ ገብቶ ሰው ማውጣት፣ በሕንፃ ጎን ላይ የሚንጠለጠል የሥራ መድረክ አሰቃቀል፣ በሞተር መጋዝ ዛፍ መጣል፣ እህል ወደተከማቸበት ጎተራ መግባት፣ ራሱን ማንሣት የማይችል ታማሚን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር እርስ በርሳቸው የሚተካኩ ዕውቀቶች አይደሉም። ሁሉም ውስጥ «የአደጋ ግምገማ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ አንድ አሠልጣኝ ሁሉንም ያስተምራል ብሎ ማሰብ በወረቀት ላይ የሚያምር፣ በሥራው ቦታ ግን የሚያሳፍር ውሳኔ ይሆናል። ሃያ ዓመት እንጨት የቆረጠ ሰው፣ ዛፍ ጥሎ የማያውቅ አሠልጣኝ ሲመጣበት ገና በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ያውቀዋል።

ማን ከማን ጋር ይዋሃድ?

ማኅበራትን ለማጣመር በቀላሉ የሚታየው መንገድ የቢሮ ቅርበት ወይም የገንዘብ አቅም ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይጠቀልላል። የሚሻለው ግን የአደጋ ዝምድና ነው፤ ሠራተኞቻቸው በአንድ ዓይነት ነገር የሚጎዱ ዘርፎች አንድ አሠልጣኝና አንድ መመሪያ ሊጋሩ ይችላሉ። ከኦንታሪዮ አራት ጥምረቶች ውስጥ የመሠረተ ልማቱ ይህን በግልጽ ያሳያል። ግንበኛው፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛውና የከባድ መኪና ሹፌሩ በየጊዜው ቦታው በሚለዋወጥ ሥራ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ ከፍታ ባለበትና ተሽከርካሪ በሚመላለስበት ስፍራ ይውላሉ፤ ክሬን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ሲነካካ ሦስቱንም ይመለከታል።

የሰሜኑ ጥምረት ሌላ ዓይነት ዝምድና አለው። ደኑና የወረቀት ፋብሪካው የአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ማዕድኑ ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ሰሜን ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ የሚያስተሳስራቸው አካባቢና የኑሮ ዘይቤ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ልዩ ቅርስ ተላለፈ። በየካቲት 1928 ቲሚንስ በተባለችው ከተማ በሚገኘው የሆሊንገር ወርቅ ማዕድን ውስጥ በተነሣ እሳት 39 ማዕድን ቆፋሪዎች ሞቱ፤ በአካባቢው የሠለጠነ የነፍስ አድን ቡድን ስላልነበረ እርዳታ የተጠራው ከአሜሪካው ፒትስበርግ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የኦንታሪዮ የማዕድን ነፍስ አድን አገልግሎት ተመሠረተ። ይህ አገልግሎት ዛሬ በተዋሃደው የሰሜን ድርጅት ሥር ቢሆንም ስሙንም፣ ጣቢያዎቹንም፣ የቡድን ውድድሩንም እንደያዘ ነው። የሚዋሃድ ማኅበር በውስጡ እንዲህ ያለ፣ ሰው ሞቶበት የተመሠረተ አገልግሎት ካለው፣ ስሙን ከአዲሱ ስም በታች እንዳለ ማቆየት ከሁሉ ይሻላል።

እርሻን ከፋብሪካና ከሱቅ ጋር ማጣመር ከሌሎቹ ሦስት ጥምረቶች ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ይመስለኛል። ገበሬው አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው፤ ልጆቹ በሥራው ቦታ ያድጋሉ፤ የሚገድለው ትራክተርና ጎተራ ነው፤ ሥልጠና የሚመቸው በካናዳው የበረዶ ክረምት እንጂ በዘርና በመኸር ወቅት አይደለም። እንዲህ ያለ ዘርፍ ከሰፊ ድርጅት ጋር ሲገባ፣ የተወሰነ የሰው ኃይልና በጀት ለብቻው እንዲመደብለት በውህደት ስምምነቱ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ። «ትኩረት ይሰጠዋል» የሚል ሐረግ አይበቃም፤ ስንት አሠልጣኝ፣ ለስንት ዓመት የሚለው መጻፍ አለበት።

ጀርመን በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። በ1884 ሕግ መሠረት በ1885 መቋቋም የጀመሩት ቤሩፍስገኖሰንሻፍት የሚባሉት የየዘርፉ የአደጋ መድን ተቋማት፣ ዋስትናውንም መከላከሉንም በአንድ እጅ የያዙ ናቸው። የ2008ቱ ሕግ ከ23 ወደ 9 እንዲወርዱ አዘዘ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሃድ ግን በአብዛኛው ራሳቸው ተደራድረው ወሰኑ። በ2010 ማዕድን፣ ኬሚካል፣ ቆዳ፣ ወረቀት፣ የድንጋይ ካባና ስኳር፣ ስድስቱ አንድ ተቋም ሆኑ፤ ነገር ግን በውስጡ የየዘርፉ ክፍል እንዲቀጥል ተደረገ። የስኳር ፋብሪካው አሠሪ የሚያነጋግረው አሁንም ስኳር የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሰው ኃይል፣ የሂሳብና የኮምፒውተር ሥራው ግን የጋራ ነው። የጊዜ ሰሌዳውም ልብ ሊባል ይገባል፤ ሕጉ እስከ 2009 መጨረሻ እንዲያበቃ ቢጠብቅም የመጨረሻው ውህደት የተጠናቀቀው በ2011 ነው። ሕግ አስገድዶም ያን ያህል ከዘገየ፣ በፈቃደኝነት የሚዋሃዱ ማኅበራት ላሰቡት ጊዜ ግማሹን ያህል ቢጨምሩበት አይከፋም።

ቦርዱና የሠራተኛው ድምፅ

ሦስት ማኅበራት እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት የቦርድ አባላት ይዘው ከመጡ፣ በመጀመሪያው ቀን 36 ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይፈለጋል። ማንንም ላለማስቀየም ሲባል ሁሉንም ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለ ቦርድ ምልአተ ጉባኤ ለማሟላት እንኳ ይቸገራል። የሚሠራው መንገድ ቦርዱን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ሰው ማድረግ፣ ለየዘርፉ የተያዘውን ወንበር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ ማቆየትና ከዚያ በኋላ በችሎታ መምረጥ ነው። የቀሩት የቀድሞ አባላት የየዘርፉን አማካሪ ኮሚቴ ይመሠርታሉ። ኮሚቴው የክብር መቀመጫ እንዳይሆን እውነተኛ ሥልጣን ይሰጠው፤ ለምሳሌ የዘርፉ መመሪያም ሆነ ሥልጠና ያለ ኮሚቴው ፈቃድ እንዳይታተም ማድረግ ይቻላል።

በዚህ ላይ የሠራተኛው ድምፅ ይታከላል፤ ብዙ የውህደት ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የኦንታሪዮ ሕግ የቆመበት መርሕ፣ ደኅንነት በሥራው ቦታ ያሉ የሁሉም ወገኖች ኃላፊነት ነው የሚል ነው። መርሑ ከንድፈ ሐሳብ የመጣ አልነበረም። በ1974 በኦንታሪዮዋ የኤልየት ሌክ ከተማ የዩራኒየም ማዕድን ቆፋሪዎች በሳንባ ካንሰርና በአቧራ ምክንያት በሚመጣ የሳንባ በሽታ ሥጋት ሥራ አቆሙ፤ በጄምስ ሃም የተመራው ኮሚሽን በ1976 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በ1979ም የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው አደጋውን የማወቅ፣ በኮሚቴ የመሳተፍና አደገኛ ሥራ አልሠራም የማለት መብት አለው። እንግዲህ የውህደቱ ድርድር በአሠሪዎችና በሥራ አስኪያጆች መካከል ብቻ ተካሂዶ ሲያበቃ ሠራተኞች «መጥታችሁ አጽድቁ» ቢባሉ፣ ተቃውሞአቸው የሚጠበቅ ነው። የሠራተኛ ተወካዮች ከመግባቢያ ሰነዱ ረቂቅ ጀምሮ ይቀመጡ፤ በመተዳደሪያ ደንቡም የወንበራቸው ቁጥር ይጻፍ። አሠሪውም ከዚህ ይጠቀማል፤ አሠልጣኙን የአለቃ ሰላይ አድርጎ የሚያይ ሠራተኛ የትኛው ማሽን መከለያው እንደተነሣ አይነግረውም።

ገንዘብ፣ ንብረትና የምስክር ወረቀት

በሕግ በኩል ሁለት መንገድ አለ፤ ሁሉም ፈርሰው አዲስ ድርጅት ይፈጠራል፣ ወይም አንዱ ሌሎቹን ይቀበላል። ሁለተኛው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ተቀባይ የሆነው ግን አሸናፊ፣ የገቡት ተሸናፊ መስለው እንዲታዩ ያደርጋል። የትኛውም ይመረጥ፣ ጠቅላላ ጉባኤዎቹ ከመጠራታቸው በፊት በገለልተኛ ኦዲተር የሚመረመሩ ነገሮች አሉ። ያልተከፈለ ዕዳ፣ የቢሮ ኪራይ ውል መቼ እንደሚያበቃ፣ የጡረታ ግዴታ፣ በሂደት ላይ ያለ ክስ፣ የኅብረት ስምምነትና የደመወዝ ልዩነት። የደመወዝ ጉዳይ በተለይ ያታልላል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች በሦስት ዓይነት ደመወዝ ሲመጡ ወደ ዝቅተኛው የሚወርድ ስለማይኖር ልዩነቱ ወደ ከፍተኛው ይጠጋል፤ ከውህደቱ ይገኛል የተባለው ቁጠባ በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የቁጠባ ተስፋ ለአሠሪዎች ከመነገሩ በፊት ይህ ይሰላ።

የመጠባበቂያ ገንዘብም ጥያቄ ያስነሣል። ገንዘቡ ከአንድ ዘርፍ አሠሪዎች ዐረቦን የተጠራቀመ ከሆነ፣ ወደ ሌላው ዘርፍ ሥልጠና ሲሄድ ባለቤቶቹ ዝም አይሉም። ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በተለየ የሂሳብ መዝገብ ተይዞ ለዚያው ዘርፍ እንዲውል፣ ከዚያ በኋላ እንዲቀላቀል መስማማት ጭቅጭቁን ያበርዳል።

ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው የሥልጠና መዝገብ ነው። በኦንታሪዮ በግንባታ ሥራ ላይ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው በመንግሥት የጸደቀ ሥልጠና መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ማስረጃው የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። መዝገቡ ወደ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዛወር ስሙ የጠፋ ሠራተኛ ማለዳ ከግንባታው በር ላይ ይመለሳል፤ የዕለት ደመወዙም ይቀራል። በዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ስም ልዩ ችግር አለው። አንድ ማኅበር በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም መዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ አያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም የተያዘበትም አለ፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት ይጻፋል። ሁለት መዝገቦች ሲቀላቀሉ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ መዝገቦቹ በስም ብቻ ሳይሆን በትውልድ ቀንና በምስክር ወረቀት ቁጥር ይገናዘቡ፤ የቀድሞው ሥርዓት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ለንባብ ክፍት ይሁን፤ ዝውውሩ የግንባታ ሥራ በሚበዛበት በጋ ሳይሆን በበረዶው ክረምት ይደረግ።

አሠልጣኞቹን ማቆየት

የተዋሃደ ድርጅት በመጀመሪያ የሚያጣው ጥሩ ሠራተኞቹን ነው፤ ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኙት እነርሱ ናቸውና። መስክ የሚወጡ አሠልጣኞችና አማካሪዎች እስከ አሥራ ስምንት ወር ድረስ ሥራቸው እንደማይነካ በጽሑፍ ይነገራቸው፤ ቅነሳ ካለ ከተደራረቡት የአስተዳደር ቦታዎች ይሁን። ሥራ አስኪያጁም ከመግባቢያ ሰነዱ በኋላ በፍጥነት ይሾም፤ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ለአንድ ወንበር የሚጠባበቁበት ግማሽ ዓመት ሁሉንም ሠራተኛ በሦስት ጎራ ይከፍለዋል።

በአልበርታ የነዳጅ ዘርፍ ውስጥ በ2017 ኢንፎርም የተባለው የደኅንነት ድርጅትና የነዳጅ አሸዋ (ነዳጅ የተቀላቀለበት አሸዋ) ደኅንነት ማኅበር ተዋህደው ኢነርጂ ሴፍቲ ካናዳ ሲሆኑ፣ ኢንፎርም ራሱ በ2005 ከሁለት ድርጅቶች የተፈጠረ ነበር። የዚህ ውህደት ግፊት የመጣው ከኢንዱስትሪው ነው። ከአንዱ ይዞታ ወደ ሌላው የሚዘዋወር የተቋራጭ ሠራተኛ፣ ሥራ ሳይጀምር ያንኑ የመግቢያ ትምህርት ደጋግሞ ይቀመጥ ነበር፤ የጋራ የመግቢያ ትምህርት ሲዘጋጅ ተቋራጩ የሚከፍለው የባከነ ሰዓት ቀነሰ። ለአሠሪ የሚታይ ጥቅም እንዲህ ያለው ነው። የሚዋሃዱ ማኅበራት በመጀመሪያው ዓመት አንድ እንዲህ ያለ ሥራ መርጠው ይጨርሱ፤ አዲስ መለያ ምልክትና የምረቃ በዓል ይቆየን።

ገንዘብ የሚሰጠው አካል ቢለወጥስ?

የኦንታሪዮ ውህደት የተደረገው ማኅበራቱ ዐረቦኑን በሚሰበስበውና ካሳውን በሚከፍለው የሥራ ቦታ ደኅንነትና መድን ቦርድ ሥር በነበሩበት ጊዜ ነው። ውህደቱ ሥራ ሊጀምር ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2009 በቶሮንቶ ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ የተንጠለጠለ የሥራ መድረክ ተገምሶ አራት ሠራተኞች ሞቱ፤ አንዱም ክፉኛ ተጎዳ። በአግባቡ የደኅንነት ገመድ የታሠረው ግን ተረፈ። መንግሥት በ2010 በቶኒ ዲን የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ 46 የውሳኔ ሐሳቦች አቀረበ፤ በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት የመከላከል ሥራ ከመድን ቦርዱ ወደ ሥራ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ የመከላከል ዋና ኃላፊ የሚባል ሹመትም ተፈጠረ። የማኅበራቱ የበላይ ተቆጣጣሪነት በ2012 ወደ ሚኒስቴሩ ዞረ። ገና አዲስ ስማቸውን እየለመዱ ያሉ አራት ድርጅቶች በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ አለቃቸው ተለወጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ምክር፣ የውህደት ሰነዱ በአንድ የገንዘብ ምንጭ ስምና ደንብ ላይ እንዳይቸነከር ነው። የበጀት ሰጪው ለውጥ ቢመጣ የዘርፍ ኮሚቴዎች፣ የሠራተኛ ወንበሮችና ለትንንሽ ዘርፎች የተገባው ቃል ሳይነካ እንደሚቀጥል በመተዳደሪያ ደንቡ ይስፈር።

አገልግሎቱ መሻሻሉን መለካት

የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር በ2019 ባወጡት ሪፖርት ላይ የተነሣ አንድ ትችት እዚህ መጠቀስ አለበት። ሚኒስቴሩ ለስድስቱ ማኅበራት (ለአራቱ ውሁዳንና ከውህደቱ ውጭ ለቀሩት ሁለቱ) በዓመት ወደ 90 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እየሰጠ፣ አገልግሎታቸው ጉዳትንና በሽታን ለመከላከል ምን ያህል እንደረዳ አያውቅም የሚል ነበር። ውህደቱ ከተደረገ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል እንዲህ መባሉ፣ መለኪያው ገና ከጅምሩ አለመዘርጋቱን ያሳያል። የተሰጠ ሥልጠና ብዛት መቁጠር ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይቆጥረዋል፤ ሥልጠናው ግን የመጨረሻው ዓላማ አይደለም።

ስለዚህ ከውህደቱ በፊት የነበረው ሁኔታ በቁጥር ይያዝ። አንድ አሠሪ ከደወለበት ቀን እስከ ጉብኝቱ ስንት ቀን ይቆያል? ከሃያ ሠራተኛ በታች ካላቸው ድርጅቶች ስንቱ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተጎብኝቷል? ከጉብኝቱ በኋላ እንዲስተካከሉ ከተመከሩት አደጋዎች በስድስት ወር ውስጥ ስንቱ ተስተካክሏል? ከሥራ ያስቀሩ ጉዳቶች ቁጥርም ይታይ፤ ይህ ግን ብቻውን አይታመን። ጉዳቱ ሳይቀንስ የሚመዘገበው ሊቀንስ ይችላል፤ እጁ የታሸገ ሠራተኛ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንዲያገላብጥ ተደርጎ «ቀን አላጣም» የሚባልበት ጊዜ አለ። የሞትና የከባድ ጉዳት ቁጥር ለመደበቅ ስለሚከብድ፣ በዓመት ጥቂት ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት እየተደመረ ቢታይ የተሻለ ይናገራል።

ትንንሾቹ ድርጅቶች ተለይተው መቆጠር ያለባቸው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ባለ አምስት መቶ ሠራተኛው ፋብሪካ የራሱ የደኅንነት ባለሙያ አለው፤ የማኅበሩን ስልክም ያውቃል። ባለ ስድስት ሠራተኛው መጋገሪያ ግን ዐረቦን እየከፈለ ማኅበር እንዳለው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከውህደት የሚገኝ ቁጠባ ካለ ወደዚህ ይዙር፤ ደዋዩ የትኛውም ዘርፍ ቢሆን አንድ ሰው ተቀብሎ እስከ መጨረሻው የሚከታተልበት መስመር፣ ማታና ቅዳሜ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና፣ ሠራተኞቹ በሚገባቸው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ማስታወቂያ። ጉዳዩ የሌላ ማኅበር ከሆነም፣ እንደ እንጀራ አከፋፋዩ መኪና፣ ስልክ ሰጥቶ ማሰናበት ሳይሆን ደውሎ ማገናኘት የስምምነቱ አካል ይሁን። በቀሩት ማኅበራት መካከል ይህን የሚደነግግ የጽሑፍ ውል ካልኖረ ሦስቱን በር ወደ ሁለት ማውረዱ ብዙም አይጠቅመውም።

የመዝጊያ ሥራዎቹ ጥቂት ናቸው። የቀድሞዎቹ ማኅበራት የመጨረሻ ኦዲት ተደርጎ የባንክ ሂሳባቸው ይዘጋል፤ ቃለ ጉባኤዎችና የአደጋ ጥናቶች ወደ አንድ ማኅደር ይገባሉ፤ የሥልጠና ጽሑፎች የባለቤትነት መብት ወደ አዲሱ ስም ይዛወራል። የቀድሞዎቹ ስልክ ቁጥሮች ግን አይዘጉ፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ወደ አዲሱ መስመር እየተሻገሩ ይቆዩ። በመጋገሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢጫ እስኪሆን የተለጠፈ የቆየ ወረቀት አይቶ የሚደውል ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የሚደውለው አንድ ሠራተኛ በተጎዳበት ዕለት ነው።